ለአባባ ያልተረጎምኩላቸው ሳቅ

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ ለመንገር የደፈርኩት ምናልባት ስታነቡት ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል።

የባለቤቴን አባት አባባ እላቸዋለሁ። ልጃቸው ካስመጣቻቸው ወዲህ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ አብረውን ይኖራሉ። የህንድ ፊልም ሲሏቸው ነፍሳቸው ነው። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ ሚስተር ሴልቫም፣ ታሚል ተናጋሪ ህንዳዊ ናቸው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አንዲት ቃል አይሰማም። ግን በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከሕንፃው በር ፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሽምብራ ይካፈሉ ነበር። ቁም ነገር ሲኖር በእንግሊዝኛ አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ሚስተር ሴልቫም ፌርፋክስ ወዳለ ሲኒማ ጋበዙን። በታወቁ የህንድ ፊልሞች ላይ የሚያሾፍ የታሚል ፊልም ነው፤ አንደኛው ስለተወደደ የተሠራ ክፍል ሁለት። ከሥር የሚወጣውን እንግሊዝኛ እያነበብኩ ለአባባ በጆሯቸው እተረጉማለሁ። ቀልድ መሆኑን ግን አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ ረስቼው ነው። ኋላስ? ኋላማ አውቄ ነው።

እናትየው የጠፋ ልጇን በደረቱ ጠባሳ ለየችው። ወዲያው የመንደሩ ወንድ ሁሉ ሸሚዙን ገልቦ ያንኑ ጠባሳ አሳየ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ምን ብዬ ተረጎምኩ? "ሁሉም የጠፉባት ልጆቿ ናቸው አባባ፤ ዛሬ ገና አገኘቻቸው።" አባባ "አይ እናት! አይ እናት!" እያሉ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ስልኬን አውጥቼ ቀረጽኳቸው። እኔ ነኝ የቀረጽኳቸው። ከሲኒማው ሳንወጣ ለጓደኞቼ ግሩፕ ላክሁት።

በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን አንድ ጎረምሳ "ጋሼ፣ ቪዲዮዎ እኮ ሼር እየተደረገ ነው" ብሎ ለአባባ አሳያቸው። ቤት ገብተው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ "ማን ነው ያነሳኝ?" አሉኝ።

"እንጃ አባባ፤ ሚስተር ሴልቫም ስልክ ሲነካኩ ያየሁ መሰለኝ" አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ግን ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ አስቤ የተናገርኩት ነው።

ከዚያ ወዲያ አባባ አግዳሚው ላይ አልተቀመጡም። ሚስተር ሴልቫም ሊፍት ውስጥ ባገኙኝ ቁጥር "ምን አጠፋሁ?" ይሉኛል። "ጉልበታቸውን አሟቸው ነው" እላለሁ። በረዶው መጥቶ እስኪሄድ ሰውዬው ብቻቸውን ሲቀመጡ በመስኮት አያለሁ። እያየሁ ዝም አልኩ። ምን ፈርቼ? ቁጣ? አባባ ተቆጥተውኝ አያውቁም። ፈሪ ስለሆንኩ ብቻ ነው።

ትናንት አባባ ጠሩኝ።

"የዚያ ፊልም ክፍል ሦስት መጥቷል አሉ" አሉኝ። "ለካ ቀልድ ኖሯል! ልጅህ ነገረችኝ። የእነዚያ ሰዎች ጠባሳ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ሳቅሁ።" ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠግተው ቀጠሉ። "ያንንም ሰውዬ ይቅር ብዬዋለሁ። እሱም እንደ እኔ በሰው አገር ያለ ሽማግሌ ነው። ነገ አብረን እንውረድና ይቅር ብሎሃል ብለህ ተርጉምልኝ።"

ያልበደላቸውን ሰው ይቅር ሊሉት! በእኔ አፍ! ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አሁን ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። አባባ ጫማቸውን እያሰሩ ያፏጫሉ፤ ሲያፏጩ ከሰማኋቸው ስንት ጊዜዬ! ሚስተር ሴልቫም ታች ተቀምጠዋል። ዛሬ ወደ እንግሊዝኛ ከመመለሴ በፊት የአባባን ፊት እያየሁ በአማርኛ የምለው አለኝ፦ "አባባ፣ የቀረጽኩዎት እኔ ነኝ። የዋሸሁዎትም እኔ ነኝ።" ቀጥዬ ለሚስተር ሴልቫም ያንኑ እደግመዋለሁ። ሰበብ የለኝም። ይቅር ባይሉኝም እውነታቸው ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጡልኝ እንጂ፣ እኔ ቆሜ ብቀር ይገባኛል።