የአያ ይሻው ውሻና የገብሱ ጭድ

ይቅርታ ታደርጉልኛላችሁ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ ነው፤ መጻፍ የሚገባው ሌላ ሰው ነበር። ግን የአያ ይሻውን ነገር አብሬ ያየሁት እኔ ስለሆንሁ፣ እየፈራሁም ቢሆን ጀመርሁት። የተሳሳትሁትን እያቃናችሁ አንብቡልኝ።

አያ ይሻው ጉና ተራራ ሥር ጎረቤቴ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ፣ ልጆቻቸውም ለሥራ ቆላ ወርደው ከቀሩ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ያላቸው ጥቂት በጎችና አንድ ቀይ ውሻ ነው። ውሻው ምናገባህ ይባላል። ስሙን ያወጡለት ከጎረቤታቸው ከአያ በላይነህ ጋር በእርሻ ድንበር በተጣሉ ጊዜ ነው፤ በእኛ አገር ሰው ለጎረቤቱ ፊት ለፊት ያልተናገረውን በውሻው ስም ይናገራል። በጎቹ ሲገቡ «ና ምናገባህ!» እያሉ ሲጣሩ አያ በላይነህ ደጃፋቸው ላይ ሆነው ይሰማሉ።

ዘንድሮ ገብሱ ተወቅቶ ሲያበቃ ውሻው ማከክ ጀመረ። አምናም በዚሁ ወር ትንሽ ያሳክከው ነበር፤ ዘንድሮ ግን ባሰበት። የብብቱና የሆዱ ጠጉር ረገፈ፤ ቆዳው እንደ አሮጌ ቁርበት ጠቆረ፤ ጆሮው ሸተተ።

አያ ይሻው ያልሞከሩት የለም። በእንዶድ አጠቡት። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቡት፤ እሱን እየላሰ ሲያስመልሰው ሰነበተ። ጠበል ለውሻ አይሆንም፤ ግን ለራሳቸው ብለው ካመጡት ጄሪካን ሲያፈሱለት አይቻለሁ፤ ለማንም አልተናገርሁም። ከሁሉ በላይ የሚራሩለት ግን በመኝታው ነበር። የጉና ብርድ ጠጉር ለሌለው ገላ አይቻልም ብለው፣ ማታ ማታ ከክምሩ አዲስ የገብስ ጭድ እየመዘዙ በበጎቹ ጋጣ ውስጥ ወፈር አድርገው ያነጥፉለታል።

ሰው ግን እከክ ነው አለ። እከክ ወደ በግ ይጋባል፤ የእኛ በጎች ደግሞ በወል መስክ አንድ ላይ ነው የሚውሉት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ አያ ይሻውን አስቀምጠው፣ ወይ ውሻው ይወገድ ወይ በጎቻቸው ከወሉ መስክ አይድረሱ አሏቸው። አያ ይሻው ሐኪም ይየው ብለው ለመኑ፤ እስከሚመጣው እሑድ ተፈቀደላቸው። አያ በላይነህ «እኔን ምን አገባኝ» ብለው ሳቁና ተነሡ።

ንባብ ትችላለህ ብለው እኔን ይዘው ደብረ ታቦር ወረድን። ባጃጁ ውሻ አልጭንም ስላለ በእግር ነው የሄድነው። ከተማው መግቢያ ላይ የቆሙ ሰዎች «አያ፣ ሙሽራውን ወዴት ነው?» እያሉ ቀለዱብን። አያ ይሻው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው አለፉ።

የከብት ሐኪሟ ሠናይት የምትባል ወጣት ናት። ቆዳውን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርጋ በማጉያ መሣሪያ ስታየው ቆየች። እከክ አይደለም፣ ወደ በግም አይጋባም፣ አለርጂ ነው አለች። መቼ እንደሚብስበት፣ የት እንደሚተኛ ጠየቀች። አያ ይሻው ስለ መኝታው ሲነግሯት ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ምስጋና የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

«አባቴ፣ እኔ የምጠረጥረው ጭዱን ነው» አለች። «አቧራው ነው የሚያሳክከው።»

«በየማታው አዲስ እያነጠፍሁለት?»

«አዎ።»

ኪኒንና ቅባት ሰጠቻቸው። ጭድ የሚባል ከቤቱ ይውጣ፣ ጠጉሩ ግን እስከ ፋሲካም ላይመለስ ይችላል አለች። መንገዱን ሙሉ አያ ይሻው የተናገሩት አንድ ነገር ነው። «በገዛ እጄ» አሉ።

ጭንቁ ይሄ ነው። ወቅቱ በጋ ነው፤ በጎቹ የወሉን መስክ ከተከለከሉ የሚበሉት ያንኑ ጭድ ነው። ጭዱ ከቤት ካለ ደግሞ ውሻው አይድንም።

እሑድ ሐኪሟ ያለችውን ለሽማግሌዎቹ እኔ ነገርሁ። እነሱ ግን አላመኑኝም። ጠጉሩ ሲመለስ እናያለን አሉ። ያን ጊዜ አያ ይሻው ተነሥተው፣ ከተጣሉ ወዲህ ቃል ወዳልተነፈሱላቸው ወደ አያ በላይነህ ዞሩ።

«በላይነህ፣ በጎቼን በርቢ ያዝልኝ። ጭዱንም ውሰደው።»

በርቢ የያዘ ሰው በጎቹን እያረባ ግልገሉን ከባለቤቱ ጋር እኩል ይካፈላል።

«ውሻህስ?»

«እሱ ከእኔ ጋር ይቀመጣል።»

«ምን ሊጠብቅ?»

 አያ በላይነህ አሁን አልሳቁም። ሄደው የበጎቹን ጠጉር አንድ ባንድ እየገለጡ አዩና፣ ንጹሕ ናቸው፣ ነገ ይምጡ አሉ። ሽማግሌዎቹም ከውሻው ከተለዩ መስኩን አንከለክልም አሉ።

በማግሥቱ ጧት አያ ይሻው ውሻውን ከምሰሶው አስረው በጎቹን ወደ አያ በላይነህ ቤት ነዱ። መከተል ሥራው ነውና ገመዱን እየጎተተ ጮኸ፤ ገመዱ የፈተገው ቆዳው ደማ። እኔ ጭዱን በሸክም አጋዝሁ። አያ ይሻው ሲመለሱ ጋጣውን ጠረጉ፣ ውሃ ረጩበት፣ ያጠቡትን የማዳበሪያ ከረጢት አነጠፉለት። ውሻው አልተኛበትም፤ በጎቹ ያድሩበት የነበረው ባዶ መሬት ላይ ሄዶ ተጋደመ። እሳቸውም ቅባቱን ይዘው እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡና ሆዱን ይቀቡት ጀመር።