የእናታችን ጌሾ

አዲስ ቅዳም ከተማ በእናታችን ጓሮ የነበረው ጌሾ አርጅቶ መድረቅ ጀመረ። እናቴ ጠቁሮ የበሰለውን ፍሬ ለቀመችና ዘሩ እንዳይጠፋ አብቅሉት ብላ ለእኔና ለታናሽ እህቴ አካፈለችን። እኔ እንጅባራ፣ እህቴ ዳንግላ ነው የምንኖረው።

እኔ ብዙ ደከምኩ። አፈር ነፋሁ፣ ፍግ ቀላቀልኩ፣ ከችግኝ ጣቢያ ፕላስቲክ ለምኜ አምጥቼ ሞላሁ። ውርጭ እንዳይመታው ሲመሽ እሸፍነው ነበር። ምንም አልወጣም። እህቴ ግን ፍሬውን አሽታ ካጠበች በኋላ ከማድቤቷ ጀርባ በትና፣ ሣር ጣል አድርጋበት ትታዋለች። አንድ ቀን ደውላ በቀለልኝ እያለች ስትስቅ ኔትወርኩ ተቋረጠ። መቋረጡ ደስ አለኝ። መልሼም አልደወልኩላት።

ቆይቶ እናቴ ችግኙን ልትንከባከብ ዳንግላ እንደሄደች ሰማሁ። ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ከእኔ ጋር እንድትኖር ስንት ዓመት ለምኛታለሁ። አልጋ ገዝቼ፣ ክፍል አዘጋጅቼ ብጠብቃት ቤቴን አልተውም ብላኛለች። ለችግኝ ሲሆን ግን ተነሣች።

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ስደርስ እናቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ መደቡን ታርማለች፤ እጇ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ለእህቴ በአዊኛ አንድ ነገር ብላት ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳለቻት ከበሩ ሆኜ አልሰማሁም። ችግኞቹ ቅጠላቸው ያብረቀርቃል። አንድ በአንድ ብነቅላቸው ደስ ባለኝ።

እህቴ ምሳ ልታቀርብ ስትገባ አላስቻለኝም።

«እማ፣ እኔ ጋ ያልመጣሽው ለምንድን ነው?»

ቀና እንኳ ሳትል፣ «አንቺ ጋ ምን እሠራለሁ?» አለችኝ። «ዕቃ ሳነሣ ትቀሚኛለሽ። ልቁም ስል ተቀመጪ ትይኛለሽ። እንግዳ አደረግሽኝ እኮ።»

 ምሳ እንደበላሁ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ዝናቡ ሲጠና እናቴ ከችግኞቹ ጥቂቱን በጆንያ ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። ጉድጓዱን ራሷ ቆፈረች። እያቃሰተች ስትጎነበስ ከመስኮት አያለሁ፤ ተይ ልላት አፌ ላይ ይመጣና እመልሰዋለሁ። ሥር እስኪሰዱ ከርማ፣ እዚያ የሚታረመው ይበዛል ብላ ወደ ዳንግላ ተመለሰች።

አሁን ስትደውልልኝ ከጤናዬ አስቀድማ ስለ ጌሾው ትጠይቀኛለች። ጸድቋል እላታለሁ። ከስልኩ ወዲያ እህቴ ስታወራት ይሰማኛል፤ እናቴም መልስ ልትሰጣት ከእኔ ፊቷን ስታዞር ከድምጿ አውቀዋለሁ።