ቴሌቪዥኑ ዛሬም አባዬን ጠየቀው

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቴሌቪዥናችን «አባዬ፣ ኪኒንህን ዋጥክ?» ብሎ ጠየቀ።

የአባዬን የአርባ ቀን ተዝካር ያወጣነው ትናንት ነው። ሲኤምሲ ያለው ቤታችን ውስጥ ቴሌቪዥን ሲከፈት ከለቅሶው ወዲህ ዛሬ የመጀመሪያው ነው።

ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንጀራዬ ቴሌቪዥንን ከተመልካቹ ጋር የሚያነጋግር የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። አባዬ ዜና ላይ ከተተከለ ኪኒኑን ይረሳ ነበር። ስለዚህ ዜናው መሃል ብቅ የሚል መልእክት ሠራሁለት። ሲውጥ ሪሞቱ ላይ አረንጓዴውን ቁልፍ ይጫናል ብዬ ነበር። (ሳይውጥም ይጫን ነበር። ሶፋው ሥር ስንት ኪኒን ለቅሜያለሁ!)

በምንጽፍበት ቋንቋ ማሽኑን ደረጃ በደረጃ አናዘውም፤ ምን መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያበቃ ብቻ እንነግረዋለን። እኔ ለአባዬ መልእክት መጀመሪያውን ጽፌ መጨረሻውን ባዶ ትቼዋለሁ።

ላጠፋው ስል እማዬ ሪሞቱን ከእጄ ወሰደችው።

«ተው እንጂ፣ መልስ እየጠበቀ'ኮ ነው» ብላ አረንጓዴውን ተጫነች።

ስክሪኑ ላይ «ጎበዝ አባዬ! ነገ እንገናኝ» የሚል ጽሑፍ መጣ።

እናንተስ ቤት የሄደን ሰው አሁንም የሚጠራ ምን ነገር አለ? እስቲ ጻፉልኝ። እኔ ሃያ ሁለት ሰፈር ያለው ቢሮዬ ገብቼ ኮዱን ከከፈትኩት ቆየሁ፤ መጨረሻውን መጻፍ ግን እጄ እምቢ አለ።