አጎቴ የመለሷቸው ጠጠሮች

ዛሬ የአጎቴ አርባ ነው። ደርግን ሸሽተን ሆላንድ ስንገባ ሮተርዳም አጠገብ ካለችው ከቭላርዲንገን ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ ቤት ሰጡን። ከቤታችን ጀርባ የአይሁዶች መቃብር አለ። ቁልፉን የምትይዘው ሆላንዳዊቷ ጎረቤታችን እንደነገረችን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመኖች የከተማዋን አይሁዶች በባቡር ወሰዷቸው። የተመለሱት ሁለት እህትማማቾች ብቻ ናቸው፤ እነሱም አምስተርዳም ይኖራሉ።

አጎቴ ሣሩ ማደጉን አይተው ሊያጭዱ ገቡ። በመቃብሮቹ ላይ ጠጠር ሲያዩ ልጆች የወረወሩት መስሏቸው ጠራርገው ጣሉት። ጎረቤታችን ደንግጣ፣ እህትማማቾቹ ለመምጣታቸው ምልክት ያስቀመጡት መሆኑን አስረዳቻቸው። ያን ቀን አጎቴ ምሳ አልበሉም። የትኛው ጠጠር የትኛው መቃብር ላይ እንደነበር ስላላወቁ፣ በሁሉም ላይ አንድ አንድ አስቀመጡ። ከዚያ በኋላ በየእሁዱ እየገቡ የወደቀውን ይመልሱ ነበር።

እኔ ልጄን ታቅፌ ከበሩ ውጭ እጠብቃቸው ነበር። አንድ ቀንም አልገባሁም።

«ጋሼ፣ ሰው አይቶ ፖሊስ ቢጠራብንስ?» እላቸዋለሁ።

«አንቺ ደግሞ! ከመጣ እሱንም ጠጠር አስለቅመዋለሁ» ይሉኛል።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ተቀብዬ ብቻዬን ገባሁ። ነፋስ የጣላቸውን ሦስት ጠጠሮች መለስኩ። አንድ ሌላ ከመሬት አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። አጎቴ የተቀበሩት ሮተርዳም፣ ዙይድ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ከሰዓት በኋላ እወስድላቸዋለሁ። ስወጣ በሩ ላይ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም።