ጠዋት ጠዋት የሚጠፋው ኔትወርክ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ፣ ሞላሌ ከተማ የኮምፒውተር መምህር ሳለሁ ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን ያስቀኛል፤ ትንሽም ያሳፍረኛል።

የተከራየሁት እትዬ አስካለ ከሚባሉ፣ ባና የሚባለውን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ሠርተው ከሚሸጡ ሴት ግቢ ነበር። ከግቢው ፊት፣ መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ባለቤቱ ዘውዱ ኢንተርኔት አስገብቶ ስለነበር የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ሰጠኝ። የእኔ ክፍል ከጓሮ ነው፤ በመሐል ጣራ ያለው ረጅም መተላለፊያ አለ።

ኮምፒውተሬ ትልቁ ዴስክቶፕ ነው፤ የጫንኩበትም ሊኑክስ። ቫይረስ ስላማረረኝ ዊንዶውስን አውጥቼ ጣልኩትና "ሊኑክስን የመሰለ የለም" እያልኩ ሰው አሰለች ነበር።

በዚያ ሐምሌ ለሁለተኛ ዲግሪ ነፃ የትምህርት ዕድል ወጣ። ማመልከቻው የሚላከው በኢንተርኔት ብቻ፤ የመጨረሻው ቀን ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አምልጦኛል። ለእትዬ አስካለ ግን ትንፍሽ አላልኩም። እንደ ልጃቸው ነበር የያዙኝ፤ ልሄድ ነው ማለት ከበደኝ።

ረቡዕ ጠዋት ቅጹን መሙላት ስጀምር ዋይፋዩ ጠፋ። ከሰዓት ብልጭ አለ፤ ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ድርግም! ዘውዱን ብጠይቀው "እኔ ጋ በስልኬ እንደ ጉድ ይሠራል። ያ ሊኑክስህ ነው፤ ዊንዶውስ ጫንና ተገላገል" ብሎ ሳቀብኝ። የሱ ኮምፒውተር ለጥገና ደብረ ብርሃን ሄዷል እንጂ እዚያው እጨርሰው ነበር። የእኔን ተሸክሜ እንዳልሄድ ደግሞ እልህ ያዘኝ።

ዋይፋዩን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አውጥቼ መልሼ ጫንኩ። የዋይፋይ ካርዱን ኃይል ቆጣቢ አጠፋሁ። ያን ጥቁር መስኮት ከፍቼ ትእዛዝ ስጽፍ፣ የስህተት መዝገቡን መስመር በመስመር ሳነብ ዋልኩ። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ!

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጬ በሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። እትዬ አስካለ መተላለፊያው ላይ ያሰጧቸውን ሦስት ባናዎች ሊያገላብጡ ከገመዱ አንድ በአንድ ያወርዳሉ። ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር። ባና በወረደ ቁጥር የዋይፋዩ ምልክት አንድ አንድ እያለ ጨመረ፤ ሦስተኛው ሲወርድ ሞላ! መልሰው ሲሰቅሏቸው ጠፋ።

"እትዬ! እስቲ እንደገና ያውርዷቸው!"

"በስመ አብ! ምን ነካህ ልጄ?"

"ግድ የለም፣ ያውርዷቸው!"

አወረዱ። ሞላ።

ለካ ባና ከሸማኔ እንደመጣ ውኃ እየተነከረ በእግር ይረገጣል፤ ሱፉ የሚጠብቀው እንደዚያ ነው። እሳቸው ጠዋት ጠዋት ይረግጡና፣ ዝናቡ ፀሐይ ስላሳጣቸው ከረቡዕ ጀምሮ መተላለፊያው ላይ ይሰቅሉታል። ውኃ የጠጣ ወፍራም ሱፍ ዋይፋዩን ይጋርደዋል። ከሰዓት ብልጭ የሚለው ጠፈፍ ሲል ነበር፤ ዓርብ ግን ዝናቡ ስላላባራ ገና አልጠፈፉም። ሊኑክሴ ከደሙ ንጹሕ ነው!

"ታዲያ ይኸ ሁሉ ችኮላ ለምንድን ነው?" አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ነገርኳቸው።

"ቀድመህ አትነግረኝም? እንዳትሄድ ልይዝህ ኖሯል? ካለፍክ ትሄዳለህ፤ ካላለፍክ ቤቱ ይኸው ነው።"

ለማግስቱ ገበያ መድረስ የነበረባቸውን ባናዎች እያንጠባጠቡ ወስደው የገዛ አልጋቸው ላይ ዘረጓቸው። "ኧረ አልጋው!" ብላቸው "ዝም ብለህ ጻፍ!" ብለው ተቆጡኝ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ "ማመልከቻዎ ደርሶናል" የሚል መልስ መጣ። ከደስታዬ የተነሳ እግራቸው ላይ ልደፋ ምንም አልቀረኝ። አልጋው ርሶ ኖሮ ምድጃው አጠገብ መደብ ላይ እንዳደሩ የሰማሁት በነጋታው ነው።

አለፍኩ፤ ተማርኩም። አሁንም ስንደዋወል መስመሩ ከተቆራረጠ "እኔ እኮ ዛሬ ምንም አልሰቀልኩም!" ይሉኛል። እስቃለሁ፤ ግን ይቆጨኛል። ሦስት ቀን ሙሉ ማሽን ስጠይቅ ዋልኩ፤ ከበሬ ሁለት እርምጃ ርቀው ሲሠሩ የነበሩትን ሴት ግን አንድ ቃል አልጠየቅኳቸውም። የልቤን ነግሬያቸው፣ ግቢው ውስጥ ምን አዲስ ነገር እንዳለ ጠይቄያቸው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ረቡዕ ጠዋት ያልቅ ነበር።