ስምንት ሜትር ኩብ አሸዋ

ልጅ ሳለሁ፣ ጉለሌ ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ ማምሻውን የጎረቤት ልጆች ሁሉ የምንሰበሰበው ጡረታ ከወጡት ግንበኛ ከአባባ ወልዴ ቤት ነበር። የማንደጃው ፍም አመድ እየለበሰ፣ ኩራዙ ጢሱን ወደ ጣሪያው እየላከ፣ እሳቸው ሳይቸኩሉ ተረት ያወርዱልን ነበር፤ እኔም ስድስተኛ ክፍል የደረስኩ ትልቋ ልጅ ነኝና ከጎናቸው ነበር የምቀመጠው።

ያኔ ዘመኑ የደርግ ነው፤ ፊደል የቆጠረ ሰው፣ ልጅም ቢሆን፣ ይሰማል። ዕድራችን ድንኳንና ድስት የሚያስቀምጥበት ቤት ያሠራ ነበር፤ አሸዋውን የሚረከቡት ደግሞ አባባ ወልዴ ናቸው። ማንበብ አይችሉም። መኪናው ሳያራግፍ ላዩ ላይ ይወጡና የጭነቱን ርዝመት፣ ወርድና ጥልቀት በከዘራቸው ለክተው «ሦስት ሜትር ኩብ» ይላሉ፤ ጸሐፊው ይመዘግባል።

ሦስተኛው ጭነት የተራገፈ ዕለት እኔ የይዘት ስሌት ከተማርኩ ሳምንት አልሞላኝም። የእናቴን የልብስ ስፌት ሜትር ይዤ ወጣሁ። ክምሩ ርዝመቱ አራት ሜትር፣ ወርዱ ሁለት፣ ጫፉ ላይ ከፍታው አንድ። አባዛሁና ዕድርተኛው በተሰበሰበበት አፌን ሞልቼ «ስምንት ነው እንጂ ሦስት አይደለም!» አልኩ።

ከዚያ አንዱ ሰውዬ «ታዲያ የፊተኞቹ የሁለቱ ጭነቶች ትርፍ የት ገባ?» ሲል ጠየቀ። የአባባ ወልዴ ልጅ በዚያው ሰሞን ቤቱን በአሸዋና በሲሚንቶ ያስለስን ነበርና ሌላ ቃል አላስፈለገም። እሳቸው ወደኔ ዞረው «ልጄ፣ ክምር እኮ ሳጥን አይደለም፤ ወደ ላይ ይሾላል» አሉ። የሰማቸው የለም፤ «እሷ ተምራለች!» ተባለ። ያን ቀን ርክክቡን ለሌላ ሰው ተዉት።

ነገራቸው ሲከነክነኝ አደረ። በማግስቱ ጓሮ ገብቼ ጥቂት አሸዋ ከመርኩና በማስመሪያ ለክቼ አባዛሁት፤ ከዚያ ያንኑ አሸዋ በክብሪት ቀፎ ሰፈርኩት። የሒሳቤን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ለካስ ከክምሩ ዙሪያ ያለውን ባዶ አየር ሁሉ አሸዋ ብዬ ቆጥሬው ኖሯል። ሮጬ ሄጄ ለዕድርተኛው መናገር ነበረብኝ። ግን «የተማረችው» ተብዬ ስሞገስ ውዬ ተሳስቻለሁ ማለት ሞት መሰለኝ። ዝም አልኩ።

ተረቱንም አልተውኩም፤ ብቀር ያስታውቅብኛል ብዬ ነው። አባባ ወልዴም እንደ ወትሮው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። አንድ ምሽት ትንሹ ወንድሜ «አባባ፣ የዚያን የሐሰት ምስክር ተረት ይንገሩን» አላቸው። ስንት ጊዜ የነገሩን ተረት ነው። ፍሙን ቆስቆስ አደረጉና ወደኔ ሳያዩ «ረሳሁት ልጄ» አሉ።

እሳቸው ተረት የሚረሱ ሰው አልነበሩም። እስኪሞቱም ድረስ እኔ ባለሁበት ያንን ተረት አንስተውት አያውቁም፤ እኔም ስማቸውን ሳልመልስላቸው ቀረሁ። ከነገሩን ተረቶች አብዛኞቹን ዛሬ ዘንግቻቸዋለሁ። ለእኔ ሲሉ ያልነገሯት ያቺ አንዷ ግን እስካሁን አንገቴን ታስደፋኛለች።