ለፔርሙስ ነው

ዝናብ የሚያረጋጋቸው ሰዎች አሉ። ቆርቆሮው መንኳኳት ሲጀምር ብርድ ልብስ ስበው፣ ትኩስ ነገር ይዘው «ዛሬስ የትም አልወጣም» ይላሉ። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ዝናብ ሲዘንብ ውጭ የረሳሁት ነገር እየበሰበሰ ያለ ይመስለኛል። እነሳለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ። እናቴ «እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» ትለኛለች። እሷ ራሷ ልነግራችሁ ባለሁት ቀን አንዱን ወንፊት ሦስት ጊዜ እንዳጠበችው ግን አታነሳም።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ ሐምሌ ውስጥ። ታናሽ እህቴን ጠዋት በማለዳ ምጥ ይዟት ባሏ ጎባ ሐኪም ቤት ወስዷታል። ከሮቤ ጎባ ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባሱ ቶሎ ከሞላ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ነገር ግን ከመጠየቂያ ሰዓት በፊት የሚገባው አንድ አስታማሚ ብቻ ነው ተባለ፤ ባሏ ደግሞ «እኔው ነኝ አብሬያት የምሆነው» ብሎ ድርቅ አለ። ስለዚህ እኔና እናቴ ሮቤ ቀረን። መብራት ጠፍቷል። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ከሻይ ፔርሙሱ አጠገብ አስቀምጠን፣ አንዴ እሷ አንዴ እኔ እናየዋለን።

ያን ያህል የምንሸበረው በከንቱ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ላይ እያለች እኔ አንዲት ትንሽ ሹራብ ሠርቼ አመጣሁላት። ነጭ ናት፣ ደረቷ ላይ ሁለት ቢጫ ጫጩቶች አሏት። እናታችን ስታያት ፊቷ ጠቆረ። በእሷ ደንብ ሕፃን ሳይወለድ ልብስ አይሰፋለትም፣ አይገዛለትም፣ ገንፎውም አይታሰብም፤ መጀመሪያ ድምፁ መሰማት አለበት። እኔ ሳቅሁባት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ልጁ ሳያለቅስ ተወለደ። ሰው ሊያጽናናን በመጣበት ቀን ሻይ ልቀዳ ጓዳ ገብቼ ሳለ እናቴ ለጎረቤታችን «ሳይወለድ ተሰፋለት» ስትላት ሰማሁ። ሌላ አልጨመረችም። ሹራቧን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም፤ እናቴ ምድጃ ውስጥ ከትታት ይሆናል ብዬ ደመደምኩ። ማንንም አልጠየቅሁም። ቢሮ ተቀምጬ ፋይል እያገላበጥኩ ያቺ ቃል ትመጣብኛለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ተናድጄባታለሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ደግሞ ልክ ብትሆንስ እያልኩ ፈርቻለሁ።

ያን ቅዳሜ እናቴ ገብስ ትቆላ ጀመር።

«ለምንድነው?» አልኳት።

«ለእኛ ነው። ቆሎ አትበዪም?»

ለቆሎ የሚሆነውን ገብስ አውቀዋለሁ። ይሄ የተፈተገ፣ የተመረጠ፣ አንድ እንክርዳድ የሌለበት ነው። በዚያ ላይ ከጓዳ የተፈጨ የገንፎ ዱቄት አውጥታ በዚያ ሦስት ጊዜ በታጠበ ወንፊት ትነፋ ያዘች። እሱም «ለእኛ» ነው። ጥቂት ቆይቶ ጎረቤታችን ጃንጥላዋን በር ላይ አራግፋ ገባች። በዕድሜ የእናቴ እኩያ ናት፣ ጊኒር ተወልዳ ሮቤ ያረጀች ሙስሊም፤ የእኛን ቤት ደንብ ከእኛ በላይ ታውቃለች።

«አካም ጅርቱ? አልደወሉም?»

«ገና ነው» አለች እናቴ።

«ረቢ ሃ ጋርጋሩ! እሱ ይርዳት፤ ኢንሻ አላህ ደህና ትገላገላለች።» ከነጠላዋ ሥር በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ አወጣችና ወደ እኔ ዞራ ዓይኗን ጠቀስ አደረገችልኝ። «ይሄ ለእናንተ ነው፤ ለሌላ ለማንም አይደለም።»

«እናውቃለን፣ ለእኛ ነው» አልኩ። ሦስታችንም ሳቅን። ወዲያው ደግሞ ሦስታችንም ስልኩን አየነው፣ ሳቁም እዚያው ቀረ።

እሷ ስትሄድ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ግቢው ጭቃ ነው፤ አጥሩ፣ ሰማዩ፣ ከአጥሩ ማዶ የቆመው ባጃጅ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አመድማ መልክ ይዟል። ሦስት ጊዜ በሩን ከፈትኩ። እናቴ «ብርዱን አታስገቢብኝ» አለች። ያኔ ነው ቁም ሳጥኑ ላይ ያለችውን የብስኩት ቆርቆሮ ያወረድኳት። የክር ትራፊ የማጠራቅምባት ናት፦ ከቴሌቪዥን ልብስ የተረፈ ብርቱካናማ፣ ከትራስ ልብስ የተረፈ ሮዝ፣ ደማቅ ሰማያዊ፣ የበቀለ ስንዴ የመሰለ አረንጓዴ። ጠረጴዛው ላይ ሳፈሳቸው ቤቱ የበራ መሰለኝ። እጄ ሳላዘው የኪሮሽ መርፌዬን አነሳ። መጀመሪያ ትንሽ ቀለበት፣ ከዚያ ዙሪያውን፣ ከዚያ ደግሞ ዙሪያውን።

«ምንድነው እሱ?» አለች እናቴ።

«ለፔርሙስ ነው።»

«ፔርሙሱ ልብስ አለው እኮ።»

«ክዳኑ ራቁቱን ነው።»

ፔርሙሱን አየችው። ልክ ነኝ፣ ክዳኑ ራቁቱን ነበር። ወደ ዱቄቷ ተመለሰች።

መዋሸቴን አውቃለሁ። ግን እጄ ሲሠራ ቢያንስ እግሬ ያርፋል። ብርቱካናማውን ጨርሼ ሮዙን ቀጠልኩ፣ ሰማያዊውን አስከተልኩ። የጎኑን ቁመት በጣቴ ለካሁ። ምሳ ሰዓት ላይ እናቴ ቂንጬ ሠርታ በላን፤ በላን ማለት ማንኪያ አነሳን። ስልኩ አንዴ ጮኸ፤ የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ ዝናቡ እናንተም ጋ አለ ወይ ትለኛለች። ያን ቀን ለእሷ የመለስኩላትን ሳስብ እስካሁን አፍራለሁ። ሰባት ሰዓት ገደማ አረንጓዴውን ክር ይዤ ከኮፍያው ጠርዝ ወደ ታች ቀጭን ማሰሪያ መሥራት እንደጀመርኩ እናቴ ከኋላዬ ቆማ አገኘኋት።

«ፔርሙሱ አገጭ አለው እንዴ?»

ማሰሪያውን መዳፌ ውስጥ ሸሸግሁት።

«ለማን ነው?»

«አንቺስ ዱቄቱ ለማን ነው? ቅዳሜ ከሰዓት ገንፎ በልተን እናውቃለን እኛ? ቅቤውስ?»

«ምግብ ሌላ ነው። ምግብ ማንም ይበላዋል። ኮፍያ ግን አንድ ጭንቅላት ነው የሚጠብቀው።»

ረታችኝ፤ ስረታ ደግሞ እቆጣለሁ። «ያኔ ያልሽውን ሰምቼሻለሁ» አልኳት። «‹ሳይወለድ ተሰፋለት› ስትዪ ጓዳ ነበርኩ። እኔ ነኝ የገደልኩት ማለትሽ ነው።»

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

ክፉ ትናገረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ይቅርታ ትለኛለችም ብዬ ጠበቅሁ፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ሁለቱንም አላለችም። አጠገቤ ቁጭ ብላ ዱቄት የነካውን እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ፍቺው» አለችኝ። «እባክሽ ልጄ፣ ፍቺው።» እናቴ እባክሽ ስትለኝ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም።

ፈታሁት። ስላመንኩባት አይደለም። እሷ ስለፈራች ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ስለፈራሁ ነው። ኮፍያ ለመሥራት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጅቶብኛል፣ ለመፍታት ግን ሻይ የሚጠጣበትን ያህል እንኳ አልወሰደም። ክሩ ጉልበቴ ላይ ተጠቅልሎ ተከመረ። ተነስቼ በሩን ከፈትኩ። ይዘንባል። ዘጋሁት።

ስልኩ ሲጮህ ሁለታችንም ዘለን፤ እሷ ቀደመችኝ።

«ወለደች!» የእህቴ ባል ድምፅ ከስልኩ አልፎ ቤቱን ሞላው። «ሴት ናት! አለቀሰች! ሁለቱም ደህና ናቸው!» ቀጠለና «እማማ፣ ብርዱ ግን ለጉድ ነው፤ ነርሷ ለጭንቅላቷ የሚሆን ነገር አምጡ አለች። ያመጣሁት ጋቢ ብቻ ነው። ለጊዜው ካልሲዬን… ንጹሕ ነው፣ አልተደረገም… እሱን አጥልቄላታለሁ» አለ።

ለሴት ልጅ እልልታው ሦስት ነው ብላ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። አምስት ላይ መቁጠር ተውኩ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን ተቀበለቻት፤ ዝናቡን ሰንጥቆ ይሰማል። እናቴ ዱቄቱን ከነዕቃው፣ ቅቤውን ከነቅጠሉ አንስታ ከረጢት ውስጥ ከተተች፤ ሁሉም ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር ለካ። እኔ ክሩ ጉልበቴ ላይ እንዳለ ተቀምጫለሁ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ጀምሪ እንጂ!»

«አሁን አይደለም ያስፈታሽኝ?»

«አሁን ተወልዳለቻ!»

ስቄ ይሁን አልቅሼ አላውቅም፣ ብቻ ኪሮሹን አነሳሁ።

መናኸሪያ ደርሰን ሚኒባሱ እስኪሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ስንጠብቅ ብርቱካናማውንና ሮዙን ጨረስኩ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ የክሩን ጥቅሎች እንዳይርሱ ነጠላዋ ውስጥ ይዛልኛለች፤ እኔ ስስብ እሷ ትለቅልኛለች። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጭቃው እያንሸራተተን፣ ጉድጓዱ እያነጠረን፣ ጥልፉን በዓይኔ ሳይሆን በጣቴ እየቆጠርኩ ቀጠልኩ። «ፍጠኚ» ትለኛለች። ጥቂት ሄደን ደግሞ «ፍጠኚ እንጂ።» ፊት ለፊታችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሲያዩን ቆይተው እናቴን «የማን ነው ኮፍያው?» አሏት።

ቤት የጀመረው «ለማን ነው» ገና አሁን መልስ አገኘ። «የልጅ ልጄ ነው!» አለች፤ መኪናው ሁሉ ሰማት። «ዛሬ ተወለደች!»

«ያሳድግልዎ! እንኳን ማርያም ማረችልዎ!» አሉና ወደ ፊት ዞረው «አንተ ሹፌር፣ ቀስ በል፤ እዚህ ኮፍያ እየተሠራ ነው!» ብለው ጮኹ።

ጎባ ስንደርስ ብርዱ ጨመረ፣ ዝናቡ ግን ቀጥኗል። ኮፍያው ከማሰሪያው በቀር አልቋል። የመጠየቂያ ሰዓት ስለነበር አስገቡን። እህቴ ፊቷ ገርጥቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ተኝታለች። ጎኗ ላይ በጋቢ የተጠቀለለች ቀይ ፊት አለች፤ አናቷ ላይ ግራጫ የወንድ ካልሲ ተጎትቶ ተደርጓል፣ የተረከዙ ቦታ ወደ ላይ ቆሟል። እናቴ ካልሲውን በሁለት ጣቷ አንስታ ለአማቿ መለሰችለትና ኮፍያውን አጠለቀችላት። ትንሽ ሰፋት። በዚያ ነጭ ክፍል ውስጥ ብርቱካናማውና ሮዙ ዓይን ይወጋል።

እህቴ እጇን ዘርግታ ኮፍያውን ዳሰሰችው። ኪሮሽ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ አንዴ ተሠርቶ የተፈታ ክር ቶሎ ቀጥ እንደማይል፣ ጥልፉም ወጣ ገባ እንደሚሆን ታውቃለች።

«ይሄ ተፈትቶ ነበር» አለች።

«መኪና ውስጥ ነው የጀመረችው» አለች እናቴ ፈጠን ብላ። «እኔ ምስክር ነኝ።»

እናቴ ለእኔ ብላ ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነበር። እህቴ ግን እሷን አላየቻትም፣ እኔን ነው ያየችው።

«ለምን ፈታሽው?»

ምን ልበላት? ያቺን ቃል እህቴ ፊት ደግሜ አላወጣትም። እሷ ግን የገባት ይመስለኛል። ሕፃኗን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ያቺን ነጭ ሹራብሽን እኮ ለብሶ ነው የሄደው። ነርሷን ለምኜ ያስለበስኩት እኔ ነኝ። ያን ቀንም እንዲህ ይዘንብ ነበር። እንዳይበርደው ብዬ። ጫጩቶቹ ከላይ እንዲሆኑ አድርጊልኝ ብያታለሁ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ያቺ ሹራብ ባትኖር ኖሮ ምን አለብሰው ነበር?»

እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የዱቄቱን ከረጢት ጭኗ ላይ እንደያዘች ወጣ ገባ ያለውን የኮፍያውን ጥልፍ በጣቷ ዳበሰች። ቀጥላ ከነጠላዋ ውስጥ የቀረችውን አረንጓዴ ክር አወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ማሰሪያው ቀርቷል» አለች። «ከዚያ ደግሞ ሹራብ ሥሪላት። ጫጩት ያለበት።»

ከአልጋው ሥር በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ውጭ ዝናቡ እንደገና በርትቷል፣ በሩም ገርበብ እንዳለ ነው። ማሰሪያውን እስክጨርስ አንዴም አልተነሳሁም።